የፊደል ገበታው መናገር ለተሳናቸውም ይድረስ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረው የአካል ጉዳተኞች የትምህርትና የተሐድሶ ፕሮግራም የታሰበለት ዕድሜ 10 ዓመት ነበር። በእነዚህ ዓመታት አካል ጉዳተኛ ወጣቶች የከፍተኛ ትምህርት ዕድል አግኝተዋል፤ በአገራችን የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሕመምተኛው የዕለት ተግባሩን ራሱ እንዲያከናውን የሚያግዝ ሕክምና) የዲግሪ ትምህርት እዚያው ጎንደር ላይ ተከፍቷል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም ስለ አካል ጉዳት በምንነጋገርበት መድረክ ሁሉ እምብዛም የማይነሡ ወገኖች አሉ። እጅና እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው፣ ምላስና ከንፈራቸውም አብሮ የከዳቸው፣ ነገር ግን የሚሰሙ፣ የሚያስተውሉ፣ የሚያዝኑና የሚመርጡ ሰዎች ናቸው። መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ፣ ማየት ለተሳናቸው ብሬል አለ። እነዚህኞቹ በምን ይናገሩ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋቸው በአማርኛ ፊደል ላይ በጥንቃቄ የተሠራ የመግባቢያ ሰሌዳና በእሱ ማነጋገር የሚችል የሠለጠነ ሰው ነው። ይህን ለማዘጋጀት ደግሞ ከጎንደር የተሻለ ቦታ አላውቅም።

እነማን ናቸው ቢባል፣ ብዙዎቹ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች ናቸው። በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የኦክስጅን እጥረት፣ ሳይታከም የቆየ የአራስ ልጅ ቢጫ በሽታ፣ በጨቅላነት የሚይዝ ማጅራት ገትር የአንጎልን ክፍል ይጎዱና ጡንቻ የአእምሮን ትእዛዝ እንዳይቀበል ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች ከግማሽ በታች፣ 48 በመቶ ያህል ነበሩ። በሰሜን ጎንደር ከደባርቅ ወጣ ብሎ በጃናሞራና በበየዳ ከፍታዎች፣ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ገደል ለገደል በምትወርድበት አገር፣ ምጥ ሲረዝም ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ከልጆቹ ሌላ ስትሮክ የጣላቸው ጎልማሶች፣ አንገታቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የነርቭ በሽታ ቀስ በቀስ አካላቸውን የወሰደባቸው፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ ቱቦ ምክንያት ለሳምንታት ድምፅ ያጡ ሕሙማን አሉ። ቁጥራቸውን አገራችን በቅጡ አልቆጠረችም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኞች ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተመዝግበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በዓለም ላይ 16 በመቶ ያህል ሰው ከአካል ጉዳት ጋር ይኖራል ይላል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት በአብዛኛው የሚነግረን ጓዳ ውስጥ ተኝተው ሳይቆጠሩ የቀሩ ሰዎች መኖራቸውን ነው።

ስለ መናገሪያ መሣሪያ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እንግሊዛዊውን የፊዚክስ ሊቅ ስቴፈን ሆኪንግን ነው፤ የሚያስታውሰውም ኮምፒውተሩንና የብረት የሚመስለውን ድምፁን ነው። ከኮምፒውተሩ በፊት የነበረውን ግን ጥቂቶች ያውቃሉ። ሆኪንግ በ21 ዓመቱ በተገኘበት የነርቭ በሽታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1985 ሳንባ ምች ሲጨመርበት ጉሮሮው ተቀዶ ድምፁን ፈጽሞ አጣ። በዚያን ጊዜ ያነጋገረው ፊደል የተጻፈበት ካርድ ነበር፤ አንድ ሰው ፊደላቱን እየጠቆመ ሲሄድ ትክክለኛው ላይ ሲደርስ ሆኪንግ ቅንድቡን ያነሣል። በደቂቃ እስከ 15 ቃል እንዲጽፍ ያስቻለው ኮምፒውተር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፈረንሳዊው የመጽሔት አዘጋጅ ዣን-ዶሚኒክ ቦቢም እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ በደረሰበት ስትሮክ ከግራ ዐይኑ በቀር የሚታዘዝ አካል አልቀረውም። ረዳቱ የፈረንሳይኛን ፊደላት በብዛት ከሚመጡት ጀምራ በቅደም ተከተል ትጠራለት ነበር፤ እሱም የሚፈልገው ላይ ስትደርስ ዐይኑን ጨፈን ያደርጋል። በዚህ መንገድ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሟል። በካናዳ ቶሮንቶ ደግሞ ሸርሊ ማክኖተን የተባሉ መምህርት እ.ኤ.አ. በ1971 ከባልደረቦቻቸው ጋር መናገርም መጻፍም ያልቻሉ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ልጆች በሥዕላዊ ምልክቶች ማነጋገር ጀመሩ። በሦስቱም ታሪኮች መጀመሪያ ላይ ኤሌክትሪክ የለም። ያለው ታስቦበት የተደረደረ ሰሌዳ፣ አንድ የሚታዘዝ ጡንቻና ትዕግሥት ያለው ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ፊደላችን እንምጣ፤ ጉዳዩ ከሁሉ የሚያጓጓው እዚህ ላይ ነው። የላቲን ፊደል 26 ነው፤ የእኛ 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ። ከዚህ ተነሥቶ አማርኛ ለእንዲህ ያለ ሰሌዳ አይመችም የሚል ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፣ 231ዱን ተራ በተራ የሚጠራ ሰው አንድ ፊደል ለማግኘት በአማካይ 116 ጊዜ መጥራት አለበት፤ ይህን የሚችል የለም። ነገር ግን የፊደል ገበታችን ራሱ በመደዳና በዐምድ የተሰደረ ነው። ረዳቱ መጀመሪያ ሀ፣ ለ፣ መ እያለ መደዳውን ቢያስመርጥ፣ ቀጥሎ ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ዐምዱን ቢያስመርጥ፣ አማካዩ ከ116 ወደ 21 ይወርዳል። በድምፅ አንድ የሆኑትን ሐ እና ኀን፣ ሠን፣ ዐን፣ ፀን ለዚህ ሥራ ብቻ ብንተዋቸው 28 መደዳ ይቀራል። 28 ደግሞ 4 ጊዜ 7 ነው። ሰሌዳውን በአራት ቀለም ከፍለን በመጀመሪያ ቀለሙን፣ ከዚያ ከሰባቱ መደዳ አንዱን፣ ከዚያ ከሰባቱ ዐምድ አንዱን ብናስመርጥ በአማካይ ከ10 እስከ 11 ጥሪ ይበቃል። በአማርኛ ጽሑፍ አብዝተው የሚመላለሱት ሳድስና ግእዝ ከፊት ቢቀመጡ፣ ከተነባቢዎቹም ዘወትር የሚያስፈልጉት ወደ መጀመሪያው ቀለም ቢመጡ ከዚህም ያንሳል። አንዱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ደግሞ ቃሉ ቶሎ ያልቃል፤ «ውሃ» ለማለት ሁለት፣ «አመመኝ» ለማለት አራት፣ «አልፈልግም» ለማለት ስድስት ፊደል ብቻ ነው የሚመረጠው። ይህ በወረቀት ላይ የሠራሁት ስሌት ነው፤ የትኛው አደራደር እንደሚቀል፣ የትኛው እንደሚያደክም በተግባር መፈተንና መለካት ይኖርበታል። አንድ የዩኒቨርሲቲ የጥናት ቡድን በአንድ ዓመት ውስጥ ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ነው።

ጎንደር ለዚህ ትመቻለች የምለው ዩኒቨርሲቲው ስላለ ብቻ አይደለም። ጎንደርና ዙሪያዋ የአብነት ትምህርት አገር ነው። ተማሪው ከብራና በፊት በጆሮው ይማራል፤ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ» እያለ ፊደሉን በዜማ ያጠናል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ብርሃናቸውን ያጡ ሰዎች ሊቅ፣ መሪጌታ፣ የቅኔ መምህር ሆነው ኖረዋል፤ ትምህርቱ በቃልና በጆሮ መሆኑ በሩን ከፈተላቸው። አካሉ ያልታዘዘ ነገር ግን ጆሮው የሚሰማ ልጅም ፊደሉን በዚሁ መንገድ ሊማር ይችላል። ሰሌዳው ላይ ማነጣጠር ቢያቅተው እንኳ ረዳቱ በቃል ይጠራለታል፤ እሱም የፈለገው ላይ ያስቆመዋል። ማስቆሚያውንም ቢሆን አዲስ ልናስተምረው አይገባም። በእኛ አገር ቅንድብን ብድግ አድርጎ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ «አዎ» ማለት ነው፤ ሕፃን አዋቂ ሳይል ሁሉም ይረዳዋል። ሆኪንግ ካርዱ ላይ ያደረገውን ምልክት የሰሜን ሰው በየዕለቱ ያደርገዋል። የቆየ ዕውቀት ከአዲስ ሕክምና ጋር ሊገናኝ የሚችልበት ቦታ ይህ ነው፤ የጎንደር የሕክምና መምህራንና የአብነት መምህራን በዚህ ጉዳይ ላይ አብረው ቢቀመጡ ደስ ይለኛል።

ማንበብ የማይችለውስ? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በገጠር ካሉት ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሱም። ለእነሱ በሥዕል መጀመር ይቻላል። የስፔኗ አራጎን ክልል መንግሥት ከ10 ሺህ በላይ ሥዕላዊ ምልክቶችን ለትርፍ ላልሆነ ሥራ በነፃ ለዓለም ከፍቷል። ሆኖም በሐምበርገርና በሶፋ ሥዕል የተሞላ ሰሌዳ ለደባርቅ ልጅ አይሆንም። የእሱ ሰሌዳ ላይ ጋቢው፣ ምድጃው፣ እንጀራው፣ በጎቹ፣ ጠበሉ፣ ጎረቤቱ ሊኖሩ ይገባል፤ «በረደኝ»፣ «ጎኔን አገላብጡኝ»፣ «ጭሱ አፈነኝ»፣ «ደጅ አውጡኝ» የሚሉ ሐሳቦችም እንዲሁ። ከዚህ ይልቅ ግን የሚረሱት ሌሎቹ ናቸው፤ «አይደለም»፣ «አልገባችሁም»፣ «ተዉኝ»፣ «አንተስ እንዴት ነህ?»፣ «ያን ቀልድ ድገመው»። ሰሌዳ አዘጋጆች ብዙ ጊዜ ውሃና ምግብ፣ ሽንት ቤትና ሕመም ጽፈው ይጨርሳሉ። ሰው የሚናገረው ለመለመን ብቻ አይደለም፤ ለመከራከር፣ ለመጠየቅና ለማጫወትም ነው። ሥዕሉም መድረሻ መሆን የለበትም፤ ሌላ ሰው አስቦ ከሣለው በላይ ሊወስደው አይችልምና። ያልተጠበቀ ሐሳብ የሚወጣው በፊደል ነው፤ ስለዚህ ልጁ በሥዕል እየተነጋገረ ፊደል መማር አለበት።

እናትየው ታውቅለት የለም ወይ የሚሉም አሉ። የእናትን ዕውቀት የሚያቃልል ልብ የለኝም፤ እነዚህ ልጆች በሕይወት የቆዩት በእናቶቻቸው ትከሻ ነው። ነገር ግን እናት የምታውቀው መራቡንና መከፋቱን እንጂ የሚያስበውን አይደለም። እናት ስታልፍስ? የሚጎዳው የሚንከባከበው ሰው ሆኖ ሲገኝስ? ሐኪም ቤት ሲገባ ሐኪሙ የሚጠይቀው አስታማሚውን ነው፤ የት እንደሚያመው፣ ሕክምናውን ይፈልግ እንደሆነ የሚመልሰው ሌላ ሰው ነው። በሕግ ፊት ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 340 በዘላቂ የአካል ጉዳት ምክንያት ራሳቸውን መጠበቅ ያልቻሉ ሰዎች ለአእምሮ ሕሙማን የተደነገገውን ጥበቃ መጠየቅ እንደሚችሉ ይገልጻል። ዓላማው ጥበቃ ነው፤ ይሁን እንጂ ሐሳቡን የሚገልጽበት መንገድ ያልተሰጠው ሰው ሐሳብ እንደሌለው ተቆጥሮ ንብረቱንም ዕጣውንም ሌሎች ሲወስኑለት ይኖራል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 ማንም ሰው በመረጠው መንገድ ሐሳቡን የመግለጽ ነፃነት እንዳለው ይናገራል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአማራጭ መንገዶች መግባባትን በስም ጠቅሶ መብት ያደርገዋል። ስለዚህ ሰሌዳው የበጎ አድራጎት ስጦታ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ከወላጆች የሚሰማ ሌላ ስጋት አለ፤ ሰሌዳ ከለመደ መናገሩን ይተወዋል የሚል። ጥናቱ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር የተባሉ ተመራማሪዎች የቀድሞ ጥናቶችን ሰብስበው በጥንቃቄ ከመረመሯቸው 27 ሰዎች መካከል በሰሌዳና በመሣሪያ በመታገዙ ንግግሩ የቀነሰበት አንድም አልተገኘም፤ 89 በመቶው እንዲያውም የንግግር ለውጥ አሳይተዋል፤ ለውጡ በብዙዎቹ አነስተኛ መሆኑንም መናገር ያስፈልጋል። ፊደላችንን ለዚህ ዓይነት ሥራ ማዋልም እንግዳ ነገር አይደለም። የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ የመሠረቱት ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ቃል ላልወጣቸው ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በግእዝ ፊደል ድምፆች ላይ የተመሠረተና «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ያሉትን ዘዴ ነድፈው ነበር። ጉዳቱ የተለየ ነው፤ የጀመሩት መንገድ ግን ለሴሬብራል ፓልሲም የሚያስተምረው አለው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ በሰሌዳው የሚናገረው ሰውየው ነው ወይስ ረዳቱ? ይህን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። በአውስትራሊያ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ በተስፋፋ አንድ ዘዴ ረዳቶች የአካል ጉዳተኛውን እጅ ይዘው ፊደል ያስነኩት ነበር። ብዙ ቤተሰብ ልጁ ተናገረ ብሎ አለቀሰ። በኋላ ለረዳቱና ለልጁ የተለያየ ሥዕል እየታየ ሲፈተን የተጻፈው ረዳቱ ያየው ሆኖ ተገኘ። ረዳቶቹ አላታለሉም፤ ሳያውቁት እጁን የመሩት እነሱ ነበሩ። የአሜሪካ የንግግር፣ ቋንቋና መስማት ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ዘዴው በሥራ ላይ እንዳይውል አስጠንቅቋል። ከዚህ የምንማረው ሰሌዳን መጣል ሳይሆን ሥርዓት ማበጀትን ነው። ረዳቱ የሰውየውን እጅ፣ ክንድ ወይም ራስ መንካት የለበትም፤ ምልክቱ ከራሱ ከባለቤቱ ቅንድብ፣ ዐይን ወይም ጣት መውጣት አለበት። ረዳቱ የማያውቀው፣ ሌሎች ግን ሊያረጋግጡት የሚችሉት ጥያቄ በየጊዜው ይጠየቅ። ቁም ነገር ሲሆን፣ በተለይ ሕክምናን፣ ንብረትንና ክስን በሚመለከት፣ ሌላ ረዳት ተተክቶ መልሱ ይደገም። ቃሉን ሳይጨርስ «ይህን ማለቱ ነው» ብሎ መቅደምም ለዘመድ የሚያጓጓ፣ ግን የሚጎዳ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ሥልጠና ይጠይቃል፤ የተነደፈ ወረቀት በየቤቱ በመበተን ብቻ የሚሆን ሥራ አይደለም።

ድሃ አገር ነን፤ መድኃኒትና ተሽከርካሪ ወንበር ሳይዳረስ ይህ ቅንጦት ነው የሚለውን የሚናገሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት መሠረት በአንዳንድ ድሃ አገሮች አጋዥ መሣሪያ ከሚያስፈልጋቸው የሚያገኙት 3 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በሀብታሞቹ 90 በመቶ ይደርሳል። ነገር ግን ያው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለአገሮች በሰየማቸው 50 ቅድሚያ የሚሰጣቸው መሣሪያዎች ውስጥ የመግባቢያ ሰሌዳ ከተሽከርካሪ ወንበር እኩል ተቀምጧል፤ ከ50ዎቹም እጅግ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ካርቶን፣ ፕላስቲክ ሽፋንና አታሚ ይበቃዋል። ከዚህ በተቃራኒ ቴክኖሎጂው ይምጣ ብለን እንጠብቅ የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ዓለም እየተራመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች አንጎል ውስጥና ላይ ባኖሩት መሣሪያ መናገር ያቃታቸው ሰዎች ለመናገር ያደረጉትን ሙከራ በደቂቃ 62 እና 78 ቃል እየተረጎሙ አሳይተዋል። ይህ በእንግሊዝኛ፣ በጥቂት ሰዎች፣ በአንጎል ቀዶ ሕክምና የተገኘ ውጤት ነው። ለእኛ ቀረብ የሚለው ስልክ ነው፤ የአንድሮይድ ስልክ በአንድ ቁልፍ ብቻ እንዲታዘዝ ማድረግ ይቻላል፤ ማይክሮሶፍትም መቅደስና አመሀ የሚል ስም የሰጣቸው የአማርኛ ድምፆች አሉት። እነዚህ ድምፆች ግን በኢንተርኔት ነው የሚሠሩት። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። በመረብ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አንደበት መረቡ ሲቆረጥ አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ወረቀቱ ይቅደም፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ መተግበሪያ በዚያው አደራደር ይከተል። ሰሌዳውን የለመደ ሰው ወደ ስልኩ ሲሸጋገር አዲስ ነገር አይሆንበትም።

እንዲህ ላለ ሰው መናገር ምን ይጨምርለታል፣ ሕይወቱ መከራ አይደለም ወይ የሚል ሐሳብም በሹክሹክታ ይሰማል። መልሱን ከእነሱ ከራሳቸው መስማት ይሻላል። የቤልጂየም ተመራማሪዎች ከዐይናቸው በቀር አካላቸው የማይንቀሳቀስ 65 ሰዎችን በመግባቢያ ዘዴዎቻቸው ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት 47ቱ ደስተኛ ነን ብለዋል፤ 18ቱ አይደለንም ብለዋል። መልስ የሰጡት መናገሪያ ያላቸው ናቸው፤ የሌላቸው ምን እንደሚሉ ማንም አልሰማም። ደስተኛ ያልሆኑትም ቢሆኑ አለመደሰታቸውን መናገራቸው የሚለወጠውን ለመለወጥ የመጀመሪያው በር ነው።

በአገራችን የንግግር ሕክምና ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ብዙ አልቆየም፤ ባለሙያው ለከተማም አልበቃም። ስለዚህ ሥራው ያለውን ሰው መጠቀም አለበት። ጎንደር የጤና ሠራተኛን ወደ ገጠር የማውጣት ልምድ ያላት ከተማ ናት፤ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተመሠረተው ለዚሁ ነበር። ዛሬም የዩኒቨርሲቲው የኦኩፔሽናል ቴራፒና የፊዚዮቴራፒ ክፍሎች ከአማርኛና ከኮምፒውተር መምህራን ጋር ሆነው ሰሌዳውን አዘጋጅተውና ፈትነው ያውጡ፤ ማንም ሊያትመው እንዲችልም በነፃ ይልቀቁት። ሆስፒታሉ በጽኑ ሕሙማንና በነርቭ ሕሙማን ክፍሎቹ በየአልጋው ያስቀምጠው። የክልሉ ጤና ቢሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን፣ ትምህርት ቢሮው የልዩ ፍላጎት መምህራንን ያሠልጥን። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ቤት ለቤት ልደትና ሞትን ሲመዘግብ የኖረው የዩኒቨርሲቲው የምርምር ማዕከል «በዚህ ቤት የሚሰማ ግን መናገር የማይችል ሰው አለ ወይ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ይጨምር። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ያላችሁ ወገኖችም ሰሌዳው እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አዎ ሲል ቅንድቡን እንዲያነሣ ንገሩት፤ ከዚያ መልሱን የማታውቁትን አንድ ነገር ጠይቁት፤ እስኪመልስም ታገሡት።